ኩሬው ውስጥ ያለው ሌባ፦ ቆሮሶና አምባዛ ሲነካከሱ ምን ይደረግ?

የዓሣ ጫጩት ቆጥሮ ኩሬ ውስጥ የጨመረ ሰው ከወራት በኋላ መረብ ጥሎ ግማሹን ሲያጣ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጎረቤቱን ነው። ቀጥሎ ወፍ። ጥርጣሬው አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ሌባው እዚያው ውሃው ውስጥ አለ፤ ወፍሮ፣ ጠግቦ፣ በእናንተው መኖ ተቀልቦ።

ይህ መመሪያ በጓሮ ኩሬ፣ በኮንክሪት ገንዳ ወይም ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) በተነጠፈበት ጉድጓድ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወይም አምባዛ (ካትፊሽ) ለሚያረቡ ሰዎች ነው። የተቆራረጠ ክንፍ፣ የጠፋ ጭራ፣ የተላጠ ጎን ካያችሁ መድኃኒት ፍለጋ አትሩጡ። መጀመሪያ አራት ነገር ፈትሹ፦ የዓሦቹን የመጠን ልዩነት፣ መኖውን፣ ብዛታቸውን፣ ውሃውን። ጠቡ ብዙ ጊዜ ከነዚህ ከአንዱ ነው የሚነሳው፤ አራቱም ደግሞ በእኛ እጅ ያሉ ናቸው።

«ዓሣ ደግሞ ምን ያመዋል?» የሚል ሰው ከጎናችሁ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደን የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ብሪታኒያ ውስጥ ትራውት የሚባለውን ዓሣ አጥንታ ጭንቅላቱ ላይ ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮች እንዳሉት አሳየች። ከንፈራቸው ላይ የንብ መርዝ ወይም አሲድ የተወጉት ዓሦች መኖ ትተው ቆዩ፣ አሲድ የተወጉት እንደውም ከንፈራቸውን ጠጠር ላይ ያሹ ነበር። ይህ ካላሳመነው የኪስ ጉዳይ ንገሩት። የተነከሰ ዓሣ አይበላም፣ የማይበላ አያድግም፣ ቁስሉ ላይ ሻጋታ ይወጣል፣ ገበያ ላይም ጭራ የሌለውን ማንም በሙሉ ዋጋ አይገዛውም።

1. ማን ማንን እንደሚነክስ ለዩ

የሁለቱ ዓሦች ጠብ ለየቅል ነው።

ቆሮሶ የሚጣላው ለቦታና ለሚስት ነው። ወንዱ የኩሬውን ወለል በአፉ እየቆፈረ ሳህን የመሰለ ክብ ጎድጓዳ ይሠራል፣ እዚያ ላይ ይቆማል፣ የሚጠጋውን ሁሉ ያባርራል። ሁለት እኩል ወንዶች ከተገናኙ አፍ ለአፍ ተነካክሰው ይገፋፋሉ። ተሸናፊው ካልሸሸ ክንፉን፣ ጭራውንና ጎኑን ይነከሳል። ሰፊ ሐይቅ ውስጥ፣ ሐዋሳም በሉት ዝዋይ፣ የተሸነፈው ዋኝቶ ይሄዳል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ሦስት ሜትር ገንዳ ውስጥ ግን የት ይሂድ?

አምባዛ ሌላ ነው። ወንድሙን የሚያየው እንደ ምሳ ነው። ጫጩት እያለ የሌላውን ጭራ ይይዝና ወደ ውስጥ መዋጥ ይጀምራል፣ ጭንቅላቱ ጋ ሲደርስ አልገባ ይለዋል፣ ይተፋዋል። ስለዚህ በዚያ ዕድሜ ጭንቅላት ብቻ የቀረው ሬሳ ታገኛላችሁ። አደግ ካለ በኋላ ደግሞ ከጭንቅላቱ ጀምሮ ሙሉውን ነው የሚውጠው። የዚህ ክፋቱ ሬሳ አለመኖሩ ነው። ውሃው ላይ የተንሳፈፈ የለም፣ ቁስለኛ የለም፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ ስትቆጥሩ ብቻ ነው ጉዱ የሚወጣው።

2. ቁስሉን አንብቡ

ከመኖ ሰዓት በፊት ኩሬው ዳር ቁሙ፣ አትንቀሳቀሱ፣ ጥላችሁ ውሃው ላይ አይውደቅ። አሥር ደቂቃ ያህል ታገሱ። መጀመሪያ ሁሉም ይሸሻሉ፣ ከዚያ ይረሷችኋል፣ የእውነት ኑሯቸውን የምታዩት ያኔ ነው። አንድ ጥግ ላይ ተለይቶ የሚንጠለጠል፣ ገላው የጠቆረ፣ ወደ መሀል ሲመጣ ወዲያው የሚባረር ቆሮሶ ካለ እሱ ተሸናፊው ነው። ዓይኑን እዩት። በሌሎች ሲደቆስ የከረመ ቆሮሶ የዓይኑ ክብ ሳይቀር ይጠቁራል፣ የበላዩ ግን ዓይኑ ፈካ ያለ ነው። ቁስል ከመውጣቱ በፊት የሚታይ ምልክት ስለሆነ ዓይን ማየትን ልመዱት።

ከዚያ ጥቂቶቹን በማጥለያ መረብ አውጥታችሁ ቁስሉ የት እንደሆነ ተመልከቱ፦

- ክንፍና ጭራ ጫፉ የተበጣጠሰ፣ ጎን ላይ ቅርፊት የረገፈ፦ እርስ በርስ ተነካክሰዋል።
- ከንፈር የቀላ ወይም የነጣ፦ ቆሮሶ ከሆነ የወንዶች ጠብ ሊሆን ይችላል። ኮንክሪት ገንዳ ከሆነ ግን ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ሻካራ ሲሚንቶ አፍንጫና ከንፈር ይልጣል።
- ጀርባ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጠለቅ ያለ የተወጋ ቁስል፦ ወፍ ነው። ዓሣ ዓሣን ጀርባው ላይ እንዲህ አይወጋም።
- ሁለቱም ጎን ላይ እኩል መስመር ያለው መፋቅ፦ መረብ ነው፣ ማለትም እኛ።
- አምባዛ ላይ ጢሙ የተቆረጠ፣ ቆዳው ላይ ቀጫጭን ጭረት፦ ንክሻ ነው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ትንሿም ጭረት ቁስል ትሆናለች።
- ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር፦ ሻጋታ ነው፣ ከቁስሉ በኋላ የመጣ። ቀይ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ከሆነ ባክቴሪያ ገብቶበታል።

ጥጡን አይቶ «በሽታ ገባ» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ጥጡ ግን የተከፈተ በር አግኝቶ ነው የገባው። በሩን የከፈተው ማነው? ጥያቄው እሱ ነው።

3. በመጠን ለዩዋቸው

አምባዛ ለምታረቡ ሰዎች ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህንን ነው የምሰጠው። ከአንድ እናት በአንድ ቀን ከተፈለፈሉ ጫጩቶች ውስጥ ጥቂቶቹ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ከሌሎቹ እጥፍ ሆነው ቁጭ ይላሉ። እነዚያ መኖ በልተው ብቻ አይደለም የገዘፉት። አንዴ ወንድም መብላት የጀመረ አምባዛ በየቀኑ ይበልጥ ይገዝፋል፣ በገዘፈ ቁጥር የሚውጠው ይበዛለታል፣ እናንተ ደግሞ «ጥሩ አደገ» ብላችሁ ደስ ይላችኋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ቅርጫት ያዙ፣ ታቹን እኩል እኩል በሆኑ ቀዳዳዎች ብሱት፣ የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው ተለቅ ይበል። የቀዳዳውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት፣ አለበለዚያ ልታድኑት ያሰባችሁትን ራሳችሁ ትቆርጡታላችሁ። ሳፋውን ውሃ ውስጥ በከፊል አጥልቃችሁ ጫጩቶቹን ጨምሩበት። ትንንሾቹ ራሳቸው ሾልከው ይወጣሉ፣ ትልልቆቹ ይቀራሉ። ወንፊቱን ከውሃ አውጥቶ ማንገዋለል የለም፤ ዓሣ ጤፍ አይደለም።

ጊዜው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይጠና። ትልልቅ ዓሦች ከሆኑ ከቀደመው ቀን ጀምሮ መኖ አትስጡ፣ ሆዱ የሞላ ዓሣ ሲነካካ ቶሎ ይጨነቃል፣ ውሃውንም ያቆሽሻል። ለጫጩት ጥቂት ሰዓት ይበቃል፣ ረጅም ከተራቡማ እዚያው ሳፋው ውስጥ ይበላላሉ።

በየስንት ጊዜው? የአምባዛ ጫጩት በየሳምንቱ፣ ቢበዛ በየአሥር ቀኑ። አሥር ግራም ገደማ ካለፉ በወር አንዴ ይበቃል። ቆሮሶን ኩሬ ውስጥ ስትጨምሩ እኩል መሆናቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ቶሎ ቶሎ መነካካት አያስፈልገውም፣ እንደውም ይጎዳል። ምክንያቱም ቆሮሶዎች እርስ በርስ ተፈታትሸው የበላይና የበታች ደረጃቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ በኋላ ጠቡ ይበርዳል። በነካካችኋቸው ቁጥር ግን ደረጃው ይፈርስና ጠቡ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አዲስ እንግዳ ዓሣ ከነባሮች ጋር መቀላቀልም ያው ነው። መቀላቀል የግድ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለሁሉም አዲስ ወደሆነ ኩሬ አዛውሩ፤ ማንም የቤቱ ጌታ አይሆንም።

4. ስንት ዓሣ ይበቃል?

አየር የሚነፋ መሣሪያ በሌለበት ተራ የአፈር ኩሬ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት የቆሮሶ ጫጩት። ኩሬያችሁ 10 በ20 ከሆነ 200 ካሬ ነው፣ ስለዚህ ከ400 እስከ 600። ከዚያ በላይ ሲሆን የማለዳ ኦክስጅን አይበቃም፣ መኖ ላይ መጋፋቱ ይበዛል፣ ጎን ለጎን መፋተጉም ቁስል ያመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ዓሣ ማሳነስም ሁልጊዜ ሰላም አያመጣም። ትንሽ ገንዳ ውስጥ አምስት ስድስት ቆሮሶ ብቻ ካስቀመጣችሁ አንዱ ሙሉውን ገንዳ ይይዘውና ሌሎቹን ሲያሳድድ ይውላል። ሲበዙ ግን ማንን አባርሮ ይዘልቀዋል? ይደክመዋል። አምባዛ ላይ ይህ የበለጠ ጎልቶ ይታያል፤ ጥቂት ሲሆኑ ይነካከሳሉ፣ ጠጋ ጠጋ ሲሉ ይረጋጋሉ። አምባዛ ከላይ ወጥቶ አየር መሳብ ስለሚችል መጠጋጋቱንም ከቆሮሶ በተሻለ ይችለዋል። ይህን ሰምታችሁ ግን ውሃው ጭቃ እስኪሆን አትሙሉት። አየር ቢስብም በራሱ ቆሻሻ ውስጥ ሲዋኝ ቆዳው ይቆስላል።

5. መኖ፦ ጠቡ የሚበርደውም የሚነደውም እዚህ ነው

መጀመሪያ መጠኑን በሚዛን እወቁ፣ በእፍኝ መገመት ይቅር። በየወሩ ወደ ሠላሳ ዓሣ ያዙ፣ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ መዝኑ፣ የባልዲውንና የውሃውን ቀንሱ፣ ለሠላሳ አካፍሉ። አማካዩ 40 ግራም ሆነ እንበል። 500 ዓሣ ካላችሁ ጠቅላላው 20 ኪሎ ነው። በዚህ ዕድሜ የቀን መኖው ከክብደታቸው 4 በመቶ አካባቢ ስለሆነ 800 ግራም፣ ጠዋት 400፣ ከሰዓት 400። ሲያድጉ ወደ 3፣ ከዚያም ወደ 2 በመቶ ታወርዱታላችሁ።

ጠዋት ሲባል ገና ሲነጋ እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ ውሃውን ትንሽ እስክታሞቀው ጠብቁ፣ አራት ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ከሰዓት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት። በየቀኑ ያው ሰዓት ይሁን። መኖ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ዓሣ ሲመጣ ይሻማል።

አንድ ቦታ ቆሞ መዝራት ትልቁ ጥፋት ነው። ያቺን ቦታ ሦስት አራት ግዙፎች ይይዟታል፣ ሌላው ከዳር ይጠብቃል። በማግስቱ ግዙፉ ይበልጥ ገዝፏል፣ ቀጫጫው ይበልጥ ቀጥኗል፣ በወሩ መጨረሻ እናንተው የፈጠራችሁት የመጠን ልዩነት ወደ ንክሻ ይዞራል። ኩሬውን እየዞራችሁ በትኑ፣ ወይም ቢያንስ አራት ቦታ አድርጉ። ግዙፎቹ መጀመሪያ ወደሠጣችሁበት ሲሮጡ ዞር ብላችሁ ለደካሞቹ በሌላው በኩል ትጥላላችሁ። ይቺ ብልሃት ምንም ወጪ የላትም።

የመኖው ፍሬ ከትንሹ ዓሣ አፍ ጋር ይመጣጠን። ትልቅ ፍሬ ከሰጣችሁ ለትልቁ ብቻ ነው የሰጣችሁት። ፉርሽካ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ የኑግ ፋጉሎ ፈጭታችሁ ቀላቅሉበት፣ በውሃ ለውሳችሁ እንደ ትንንሽ እንክብል አድርቁት። አምባዛ ከቆሮሶ የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ጫጩቱማ ካላገኘ ፕሮቲኑን ከወንድሙ ነው የሚወስደው። ለአምባዛ ጫጩት በየሦስትና አራት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ስጡ፣ ማታም ጭምር፣ ምክንያቱም አምባዛ በተፈጥሮው የሌሊት ነው። «ዛሬ አልመቸኝም፣ ነገ እጥፍ እሰጣለሁ» እዚህ አይሠራም። ነገ የምታገኙት ግማሹን ነው።

ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ መኖ ካለ በዝቷል፣ ቀንሱ። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሰበታና ሆለታ ባሉ ደጋ ቦታዎች ውሃው ሲቀዘቅዝ ቆሮሶ መብላት ያቆማል ማለት ይቻላል። የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው፣ ከ20 ሲወርድ ፍላጎቱ በጣም ይቀንሳል። ያልተበላው መኖ ታች ይበሰብስና ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል።

6. የቆሮሶን ዘር ያዙት

ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ቶሎ ይወልዳል፣ ገና ትንሽ ሳለ። እናቲቱ እንቁላሉንና ጫጩቱን አፏ ውስጥ ይዛ ስትጠብቅ ሁለት ሳምንት አካባቢ ምንም የረባ አትበላም። ወንዶቹ ጎድጓዳቸውን ሲጠብቁ ይጣላሉ። ከጥቂት ወር በኋላ ኩሬው በእጅ ጣት በሚያክሉ ዓሦች ይሞላል፣ መኖው አይበቃም፣ ማንም ለገበያ አይደርስም።

መፍትሔ አንድ፦ ወንዶችን ብቻ ማሳደግ። ዓሦቹ 30 ግራም ገደማ ሲሆኑ ገልብጣችሁ ከሆዱ በስተኋላ ያለውን ቀዳዳ እዩ። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት አላት። መለየት ካስቸገራችሁ ቦታውን ጥቂት ቀለም በነካ ጥጥ ጠረግ ብታደርጉት ጎልቶ ይታያል። እጃችሁ እርጥብ ይሁን፣ አንዱን ዓሣ ከውሃ ውጪ አታቆዩት፣ ልምድ እስክታገኙ ከሁለት ሰው ጋር ሥሩ። ሰበታ ካለው ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጫጩት የምትወስዱ ከሆነም ስለ ፆታው እዚያው ጠይቁ። ወንድ ብቻ ሲሆን ወሊድ ይቆማል፣ ጠቡ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የሚቆፈር ወለል ካለ ጎድጓዳ መሥራታቸው አይቀርም።

መፍትሔ ሁለት፦ ትንሽ አምባዛ አብሮ ማኖር፣ የሚወለዱትን ጫጩቶች እንዲለቅምላችሁ። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉን ካበላሻችሁ ለጅብ ሥጋ አደራ ይሆናል። ቆሮሶዎቹ ከ30 ግራም በላይ እስኪሆኑ ጠብቁ፣ ከዚያ ከነሱ በግልጽ ያነሰ አምባዛ ጨምሩ። አምባዛው ቀድሞ ከገባ፣ ወይም እኩል ሆኖ ከገባ፣ ጫጩት እስኪወለድ አይጠብቅም፤ ቆሮሶዎቹን ራሳቸውን ይበላል።

7. ውሃ፣ ብርሃን፣ መደበቂያ

ማለዳ ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ የሚዘጉ ከሆነ ኦክስጅን አንሷል። የዚያን ቀን መኖ አትስጡ፣ ንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። ውሃው በጣም አረንጓዴ መሆኑን ለማወቅ ክንዳችሁን እስከ ክርን ድረስ አጥልቁ። እጃችሁ ገና ግማሽ ክንድ ሳይገባ ከጠፋባችሁ ኩሬው ላይ የጨመራችሁት ማዳበሪያም መኖም በዝቷል።

ግን ውሃውን በአንዴ ሙሉውን አትቀይሩ። ቆሮሶ ማን የበላይ እንደሆነ የሚያውቀው በዓይን ብቻ አይደለም፣ በሽንት ውስጥ በሚለቀው ጠረንም ነው። ውሃው ሲቀየር ጠረኑ ይታጠባል፣ ደረጃው ይረሳል፣ ጠቡም ይነሳል። ሩቡን ወይም ሲሶውን ቀይሩ፣ የቀረውን በሌላ ቀን።

የአምባዛ ጫጩት ያለበትን ገንዳ ሸፍኑት። በጨለማ ይረጋጋሉ፣ በብርሃን እርስ በርስ ይበላላሉ። ጥቁር ሸራ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል፣ አየር ማስገቢያ ብቻ ተዉለት። ታች ላይ የተቆራረጠ ሸንበቆ፣ የተሰበረ ማሰሮ ወይም የቧንቧ ቁራጭ አስቀምጡ፣ ትንንሾቹ ይደበቁበታል። ለቆሮሶ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ጥሩ መደበቂያ ካስቀመጣችሁ አንዱ ዓሣ ይወርሰውና ሌላ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ወይ ብዙ ይሁን፣ ወይ ይቅር።

8. የቆሰለውን ምን እናድርገው?

ለብቻው አውጡት። ቁስለኛ ዓሣ ሌሎቹን ይስባል፣ አንዴ የተነከሰ ቦታ ደጋግሞ ይነከሳል። ከሚኖርበት ኩሬ በተቀዳ ውሃ ሳፋ ሙሉ፣ ለአንድ ሊትር 10 ግራም ጨው ጨምሩ። ሃያ ሊትር ከሆነ 200 ግራም ማለት ነው። ጨው ብቻ የሆነ ጨው ይሁን፣ ቅመም የተቀላቀለበት አይሁን። ዓሣው ከመግባቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ ይለቅ። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አቆዩት፣ ከአጠገቡም አትራቁ፤ በጎኑ ከተጋደመ ያንኑ ደቂቃ ወደ ንጹሕ ውሃ መልሱት። ከዚያ ለብቻው ገንዳ ውስጥ፣ ሸፈን ተደርጎ፣ እስኪያገግም ይቀመጥ።

የሰው ወይም የከብት አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝቶ ኩሬ ላይ መበተን ግን ይቅርባችሁ። ለዚያ ሁሉ ውሃ የሚሆን መጠን አታውቁም፣ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ ባክቴሪያውም ይለምደዋል። ቀይ የሰረጎደ ቁስል ብዙ ዓሣ ላይ ካያችሁ የእንስሳት ሐኪም አናግሩ።

ተናካሹንስ ማውጣት ነው? አምባዛ ከሆነ አዎ፣ ሳትዘገዩ። የገዘፉትን ሁለት ሦስት ብታወጡ በዚያው ሳምንት ልዩነቱን ታያላችሁ። ቆሮሶ ከሆነ ግን አንዱን የበላይ ስታወጡ ሁለተኛው በቦታው ይቀመጣል፣ በመሀል ለመንገሥ የሚደረገው ጠብ ደግሞ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። እዚያ የሚሻለው መኖ ማሰራጨትና ቦታ ማስፋት ነው።

9. የራሳችን እጅ የሚያቆስለው

ቋጠሮ ያለው ሻካራ መረብ ቅርፊት ይልጣል፣ ለስላሳውን ምረጡ። በደረቅ እጅ አትያዙ፣ ገላውን የሚጠብቀው የሚያሙለጨልጨው ልባስ ይገፈፋል። አምባዛ ደረቱ ላይ በሁለት ወገን ጠንካራ እሾህ አለው። የእናንተን እጅም የጎረቤቱን ገላም ይወጋል፣ በላስቲክ ስታጓጉዙት ላስቲኩንም ይበሳል፤ ስለዚህ ትልልቁን በጀሪካን ወይም በበርሜል ውሰዱ። ጫጩት በላስቲክ ሲሄድ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው ኦክስጅን ይሁን፣ ጉዞው በማለዳ ወይም በማታ። ስትደርሱ ዝም ብላችሁ አትድፉት። ላስቲኩን እንደታሠረ ኩሬው ላይ ሃያ ደቂቃ አንሳፍፉት፣ ከዚያ የኩሬውን ውሃ ትንሽ ትንሽ እያስገባችሁ ራሳቸው እንዲወጡ ተዉአቸው።

10. ለገበያ ሲወጣ

ሁዳዴ ሲገባ ሁሉም በአንዴ መረብ ይጥላል፣ ችኮላው ይበዛል። አምባዛን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ፀሐይ ላይ መተው የተለመደ ነው፣ ግን አየር መሳብ ስለሚችል ሰዓታት ሙሉ በቁሙ ነው የሚሰቃየው። ቆሮሶውም ቶሎ አይሞትም። ሲንፈራገጥ የሞተ ዓሣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሥጋውም ጥራቱ ይወርዳል።

የሚሻለው ይኸውና። ከባድ አጭር ዱላ አዘጋጁ፣ ዓሣውን እርጥብ ጨርቅ ላይ አጋድማችሁ ያዙ፣ ከዓይኖቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ጭንቅላቱ ላይ አንድ ጠንካራ ምት። የአምባዛ ራስ ቅል ጠንካራ ስለሆነ ከበድ ያለ ዱላ ይፈልጋል። ገላውን ስታዘነብሉት ዓይኑ የማይዞር፣ የስንጥቡ (የሚተነፍስበት አካል) ክዳን የማይንቀሳቀስ ከሆነ ራሱን ስቷል። ካልሆነ ወዲያው ድገሙት። ከዚያ ስንጥቡን በቢላዋ ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ በረዶ ካላችሁ በረዶ ውስጥ።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ውሃውን እስከ ታች አፍስሱና ጭቃውን በእንጨት እየወጉ ፈትሹ። አምባዛ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል፣ ዝናባማ ሌሊት ላይም ከአንዱ ኩሬ ወጥቶ እርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ወደ ሌላው መሄድ ይችላል። አንድ የተረሳ ትልቅ አምባዛ የሚቀጥለውን ዙር ጫጩት ለብቻው ሊጨርሰው ይበቃል። ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ ይድረቅ፣ ኖራ ነስንሱበት፣ የውሃ መግቢያውን ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት እሠሩት፣ ከዚያ ሙሉት።